መጀመሪያ የማየው የቆሻሻ ቅርጫቱን ነው

ሰው ሆቴል ክፍል ሲገባ መጋረጃ ከፍቶ ውጭውን ያያል። እኔ የቆሻሻ ቅርጫቱን አያለሁ። አመል ሆኖብኝ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ 16 ዓመት ሃውስኪፒንግ ሠርቻለሁ። በአልጋ አንጣፊነት ጀምሬ ሱፐርቫይዘር ሆኜ ወጣሁ። እንግዳ ምን ይዞ እንደሚመጣ ሪሴፕሽን ያውቃል። ምን ጥሎ እንደሚሄድ የምናውቀው ግን እኛ ነን።

የሠራሁበት ሆቴል 100 ክፍል ነበረው። በየቀኑ ለየክፍሉ ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር ውሃ በነፃ እናስቀምጣለን። ሆቴሉ ሲሞላ በቀን 200 ሃይላንድ ማለት ነው። አብዛኛው ተከፍቶ፣ ሁለት ጉንጭ ተጠጥቶለት ይተዋል። የቀረውን ውሃ ደፍተን ፕላስቲኩን ወደ ማዳበሪያ እንወረውራለን። የሻወር ቆቡ በላስቲክ፣ ማበጠሪያው በላስቲክ፣ ነጠላ ጫማው በላስቲክ። ሳሙናው አንድ ጊዜ እጅ ታጥበውበት ይጣላል። እውነቱን ልናገር፣ ያኔ አንዱም አይቆጨኝም ነበር። የሚያስጨንቀኝ ትሮሊዬ ላይ ዕቃ እንዳይጎድል ብቻ ነበር።

ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ከቨርጂኒያ የመጣች ታናሽ እህቴን ይዤ ወደ ደቡብ ወረድኩ። በቡታጅራ፣ በሆሳዕና፣ በሶዶ አድርገን አርባ ምንጭ አደርን። በማግስቱ ወደ ዶርዜ ወጣን። ይህ ጽሑፍ እዚያ ሦስት ሌሊት ስላደርንበት፣ ያለ ፕላስቲክ ለመሥራት ስለሚሞክር ሎጅ ነው። ስሙን አልጽፍም። ወረድ ብዬ የምነቅፈው ነገር አለኝ፤ ዘጠኝ ክፍል ብቻ ያላት ቤት በእኔ አፍ እንድትጎዳ አልፈልግም።

ከአርባ ምንጭ ወደ ላይ መንገዱ ጥምዝምዝ ነው። ዞር ስትሉ አባያና ጫሞ ቁልቁል ተዘርግተዋል፤ አባያ ደፍርሶ፣ ቀላ ብሎ። በየመጠምዘዣው ልጆች እየጨፈሩ ይወጣሉ። «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ይጮሃሉ። እህቴ «ምንድን ነው የሚሉት?» አለችኝ። ሃያ ዓመት ውጭ የኖረ ሰው ይረሳል። ሃይላንድ ድሮ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር። ውሃው ከገበያ ጠፍቶ ስሙ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ ስም ሆኖ ቀረ። ልጆቹ ባዶውን ነው የሚፈልጉት። ውሃ ይይዙበታል፤ እናታቸው ዘይት ታስቀዳበታለች። ጸበል፣ አረቄ፣ ላምባ፣ ማር፣ የማይገባበት የለም። ይህን የምለው በኋላ ስለምመለስበት ነው።

ክፍላችን ስንገባ አመሌ አልቀረም፣ ቅርጫቱን አየሁ። ከቀርከሃ የተሠራ ነው። ውስጡ ፌስታል የለም። ባዶ ቅርጫት! ሃውስኪፒንግ የሠራች ሴት ይህን ስታይ መጀመሪያ የምታስበው ስለ አካባቢ ጥበቃ አይደለም። «ይህን ማነው የሚያጥበው?» ነው የምትለው። ፌስታል ቅርጫት ውስጥ የሚገባው ለውበት መሰላችሁ? ቅርጫቱን ከማጠብ እንዲያድነን ነው። ጥያቄዋን በሆዴ ያዝኳት።

ጠረጴዛው ላይ በብስኩትና በከረሜላ ፋንታ ሦስት የጨንቻ አፕል በትንሽ ሰፌድ። አልጋው ላይ ዶርዜ የተሸመነ ቡሉኮ። ስለ ቡሉኮው ብዙ አልልም፤ የዶርዜን ብርድ ያየ ያውቀዋል። ስትለብሱት ደረታችሁ ላይ ሰው የተኛ ያህል ይከብዳል፤ ጠዋት ግን መነሳት አያስመኝም።

መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሳሼ የሚባል፣ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት የላስቲክ እሽግ የለም። ሻምፑ በብርጭቆ ጠርሙስ፣ ከላይ ፓምፕ ያለው። ሳሙናው ከትልቅ ሙልሙል የተቆረጠ ቁራጭ ነው፤ በደረቀ የእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በቃጫ ታስሯል። ደስ ይላል። የተረፈውን ሳሙና ሰብስበው ለልብስ አጠባ ያቀልጡታል። እኛ በ16 ዓመት ስንት ኩንታል ሳሙና እንደጣልን እግዜር ይወቀው።

ጠርሙሱን ግን ፈትቼ አሸተትኩት። ይቅርታ፣ ሥራዬ ነው። እንዲህ ያለ ጠርሙስ በላዩ ላይ እየተጨመረ ከተሞላ ታቹ ያንሸራትታል፣ ይሸታል። የዚህኛው ንጹህ ነበር። ታጥቦ፣ ደርቆ ነው የሚሞላው። ጉድለቱ ክዳኑ በእጅ የሚፈታ መሆኑ ነው። እኔ ከፈታሁት ሌላም እንግዳ ይፈታዋል፤ ምን እንደሚጨምርበት ማን ያውቃል? ቁልፍ ያለው መያዣ ገበያ ላይ አለ። ይግዙ።

አሁን ወደ ውሃው። ክፍል ውስጥ ሃይላንድ የለም። በቦታው ክዳን ያላት ትንሽ ማሰሮና ሁለት ብርጭቆ። እህቴ ማሰሮዋን አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ «ያልታሸገ አልጠጣም» አለች። ከሶዶ ስድስት ባለ ሁለት ሊትር ገዝታ መጥታለች። ክፍሉን ያሳየን ልጅ አልተቀየመም። «እትዬ፣ ይምጡ ላሳይዎት» ብሎ ወደ ኩሽና ወሰደን። ውሃው ከምንጭ በቧንቧ ይመጣል። ማታ በትልቅ ብረት ድስት ይፈላል፤ አድሮ ይቀዘቅዝና በሸክላ ማጣሪያ ያልፋል። የኩሽናዋ ኃላፊ ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ናት። «ፈላ ብዬ አላወርድም፤ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ እላለሁ» አለችን። ትክክል ናት። ዶርዜ ከፍታው ከ2,500 ሜትር ያላነሰ ነው። እዚያ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፣ በ91 ገደማ ነው የሚፈላው። ስለዚህ ቆላ ውስጥ አንድ ደቂቃ የሚበቃው ከ2,000 ሜትር በላይ ሦስት ደቂቃ ያስፈልገዋል። ይህን የአዲስ አበባ ሰውም ሊያውቀው ይገባል፤ እኛም ያለነው ከዚያ በላይ ነው።

እኔ ከማሰሮዋ ጠጣሁ። ሆዴ ምንም አላለኝም። እህቴ ሦስቱንም ቀን ሻይና የራሷን ውሃ ጠጥታ ሄደች። ሰው በግድ አይለወጥም። ሻዩም ከዚያው ውሃ እንደሚፈላ አልነገርኳትም።

ምግቡ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቁርስ ትኩስ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ተጋግሮ፣ ከማርና ከዳጣ ጋር። ማሩ በሸክላ ሳህን ይመጣል እንጂ በነዚያ አውራ ጣት በሚያካክሉ የላስቲክ ኩባያዎች አይደለም። ስኳር በስኳር ዕቃ። ወተት ከጎረቤት ላም በአሉሚኒየም ዕቃ ይመጣል፤ ጠዋት ዕቃው ሲንኳኳ ሰምቼ ነቃሁ። ለምሳ «ምን ያህል ትበላላችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። መጀመሪያ ቅር አለኝ። እንግዳ እንዴት ይህን ይጠየቃል? አበሻ ሞልቶ አትርፎ ነው የሚያቀርበው። ግን ጠያቂዋ «ካነሳችሁ ይጨመራል» ትላለች፤ ደግሞም ይጨመራል። የተረፈ እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል። በሦስተኛው ቀን ድርቆሽ ፍርፍር በላሁ፤ ለሃብታም የሚቀርብ ነገር ነበር። ከቤቱ ሁሉ ዋጋ የሚያወጣው ኩሽናው ነው፤ ለአንድ ሌሊት ከቁርስ ጋር የከፈልነው 3,200 ብር ለክፍሉ ትንሽ በዛ፣ ለምግቡ ግን አይበዛም።

ልጣጩና ጥራጊው ከቤቱ ጀርባ ላለው እንሰት ይሄዳል። የጓሮው ሽማግሌ «እንሰት የቤት ጥራጊ ይወዳል፣ ከቤት ሲርቅ ይከሳል» አሉኝ። ጋሞዎች እንሰትን ቤታቸውን አስጠግተው የሚተክሉት፣ ፍግና አመድ የሚያለብሱት ለዚህ ነው። እሱ ደግሞ ቅጠሉን ለዳቦው፣ ለሳሙናው፣ ለገበያው መጠቅለያ ይሰጣል። የአፕል ልጣጭ ግን እንሰቱ ጋ አይደርስም። በጋን ተነክሮ አቸቶ ይሆናል፤ መስታወትና ቧንቧ ያጸዱበታል። ክፍሉ ውስጥ ስገባ የሸተተኝ እሱ ነበር። አቸቶ የውሃ ኖራ የያዘው ቧንቧ ላይ ይሠራል፣ እመሰክራለሁ። አንድ ነገር ግን አስደነገጠኝ። መጋዘን ውስጥ የአቸቶው ጀሪካንና የበረኪናው ጀሪካን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ቢጫ፣ ሁለቱም ጽሑፍ የለባቸውም። አቸቶና በረኪና ከተቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። መጸዳጃ ቤት ውስጥ፣ በር ዘግታ የምታጸዳ ልጅ ብታቀላቅለው አስቡት። ያኔውኑ ኃላፊውን ጠርቼ ነገርኩት። ማታ አንደኛው ጀሪካን ላይ በከሰል «በረኪና» ተጽፎበት አየሁ።

በቤቱ የወደድኩት ትልቁ ነገር የሚታየው ሐሙስ ጠዋት ነው። ሐሙስ የዶርዜ ገበያ ነው። ዕቃ ገዢው ሁለት ዘንቢልና አንድ ጆንያ ይዞ ሄደ፤ ተከተልኩት። ቲማቲም ሻጯ በልማድ ፌስታል አውጥታ ከፈተች። «አይ፣ እዚህ» ብሎ ዘንቢሉን ዘረጋ። ቃሪያ ሻጩም እንደዚያው። አንዱ ነጋዴ ግን ሎጁ ድረስ ሩዝና ፓስታ አምጥቶ ነበር። መጋዘን ጠባቂዋ አንድ በአንድ አራግፋ፣ ላስቲኩን አጣጥፋ መልሳ አስያዘችው። ሰውዬው «ይህን ምን ላድርገው?» አለ ተቆጥቶ። «እኔስ ምን ላድርገው?» አለችው። ሳቅሁ፤ ግን ፕላስቲክ የሚቆምበት ትክክለኛው በር ያ ነው። እኛ ሆቴል ውስጥ ስብሰባ የሚጠራው ስለ ቆሻሻ መጣያ ቀለም ነበር፤ አረንጓዴው ለዚህ፣ ሰማያዊው ለዚያ። ግዢ ክፍል ግን አንድም ቀን ተጠርቶ አያውቅም።

ሕጉማ ድሮም ነበር። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሚሳሳ ፌስታል ለማምረትም ለማስገባትም ፈቃድ እንዳይሰጥ ይላል። 1999! ስስ ፌስታል ግን እስከ ትናንት ሽንኩርት ሁሉ ያዘልንበት ነበር። በ2017 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። የዶርዜዋ ቲማቲም ሻጭ ጋ የደረሰ አይመስለኝም። መጋዘን ጠባቂዋ ትቀድማለች።

እንግዲህ ያቺ በሆዴ የያዝኳት ጥያቄ። ቅርጫቱን ማን ያጥባል?

በሁለተኛው ቀን ጠዋት በ1 ሰዓት ተነስቼ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ጉሙ ገና አልተነሳም። ሁለት ልጃገረዶች ቧንቧ ስር ቁጭ ብለው ቅርጫት ያሻሉ፤ ዘጠኝ ክፍል፣ ዘጠኝ የመኝታ ቤት፣ ዘጠኝ የመጸዳጃ ቤት። ውሃው በረዶ ነው። እጃቸው ቀልቷል። ጓንት የለም። «እንዴት ነው ሥራው?» አልኳቸው። አንደኛዋ አፍራ ዝም አለች። ሌላዋ «ማጠቡ ምንም አይልም እትዬ፣ ብርዱ ነው» አለችኝ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አብሬ አጠብኩ። አምስተኛው ላይ ጣቶቼን አላውቃቸውም።

ይህን የሚያወራ የለም። ፕላስቲክ ጉልበት ይቆጥባል። አንስታችሁ ስትጥሉት ያ ጉልበት አብሮ አይጠፋም፣ የሆነ ሰው እጅ ላይ ያርፋል። ብርጭቆውን የሚያጥብ፣ ሳሙናውን የሚቆርጥ፣ ውሃውን ሌሊት የሚጠብቅ ሰው አለ። ብዙ ጊዜ ሴት ናት፤ ደመወዟም ከቤቱ ሁሉ ትንሹ ነው። ባለቤቱን ጠየቅኋቸው። ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፣ ጨዋ ሰው። «ጋሼ፣ የታሸገ ውሃ ባለመግዛት ያተረፉትን ምን አደረጉት?» አልኳቸው። ሁለት ተጨማሪ ሰው መቅጠራቸውን ነገሩኝ። ጥሩ ነው፤ ብዙ ሆቴል ያንንም አያደርግም። «ጓንትስ?» ስል ትንሽ አሰቡ። «ጓንቱም እኮ ፕላስቲክ ነው» አሉኝ። አላሳቀኝም። ወፍራም የጎማ ጓንት ወራት ያገለግላል። የፀሐይ የውሃ ማሞቂያ ለእንግዳ ሻወር ከተገጠመ፣ አንድ ቧንቧ ወደ ጓሮ መሳብ ስንት ይፈጃል? «ልክ ነሽ ልጄ» አሉ። እንዳደረጉት ለማየት ተመልሼ መሄድ አለብኝ።

ሌላም የሴት ነገር አለ፣ ሳልሸሽ ልናገረው። ክዳን የሌለው፣ ላስቲክ የሌለው የቀርከሃ ቅርጫት ለወር አበባ ሞዴስ አይሆንም። እንግዳዋም ታፍራለች፣ አጽጂዋም ትቸገራለች። ስነግራቸው በማግስቱ ከጋዜጣ የታጠፈ ከረጢት መጸዳጃ ቤት ውስጥ አገኘሁ፤ ድሮ ቆሎ የምንገዛበት ዓይነት። ፍጥነታቸውን አደንቃለሁ። ክዳን ያለው ቆርቆሮም ይጨመርበት።

እዚህ ድረስ በልቤ ከአሥር ዘጠኝ ሰጥቻቸው ነበር።

መጨረሻው ቀን ከሰዓት ከእንሰቱ ባሻገር ልሄድ ስል ያ ክፍሉን ያሳየን ልጅ «እትዬ፣ በዚያ መንገድ የለም» አለኝ። መንገድ እንደሌለ አውቃለሁ። ጭስ ነበር የሸተተኝ። ጭሱን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ የእንጨት አይደለም። ስደርስ ጉድጓድ ነው። ግማሽ የነደደ ፌስታል፣ የሲሚንቶ ከረጢት፣ የሻምፑ ሳሼ፣ አንድ ዳይፐር። ኃላፊው መጣ። አልካደም። «የሠራተኛው የራሱ ነው፤ አዲሱን ክፍል ስንሠራም የተረፈ አለ። እንግዳ ያመጣውም አለበት» አለ። ሳሼ ቆራሌው አይወስድም። ሃይላንዱን አርባ ምንጭ ሲወርዱ ቆራሌ በኪሎ ይገዛቸዋል፤ ካልሆነም ልጆቹ አሉ። ላስቲኩ ግን ገዢ የለውም፣ ልጅ አይለምነውም፣ እንሰት አይበላውም። ስለዚህ ይቃጠላል፤ ጭሱም ያው ቅርጫት የሚያጥቡት ልጆች ወደሚያድሩበት ቤት ይነፍሳል።

ለኃላፊው ያልኩት ይህን ነው። ሠራተኛው ሻምፑ በሳሼ የሚገዛው ትልቁን ለመግዛት ገንዘቡ ስለማይደርስ ነው። እንግዳው ከሚታጠብበት ጠርሙስ ለሠራተኛውም ይሙላለት። ሲሚንቶ ያመጣው መኪና ባዶውን ከረጢት ይዞ ይመለስ። የቀረውን ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅጥቀው ከተማ ያውርዱት፤ ከተማውም የተሻለ ነገር ያደርግበታል ብዬ ሳይሆን፣ ቢያንስ ከመኝታ ቤት አጠገብ አይነድም። ጻፈው። እኔ ግን ነጥባቸውን ከዘጠኝ ወደ ሰባት አወረድኩት።

ትንንሾቹን ቶሎ ልጨርስ። ፎጣው ስስ ነው። ሙቅ ውሃ ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ብቻ ነው፤ ደመና ከሆነ እሱም የለም። ራት ላይ መብራቱ ደብዛዛ ስለሆነ ዳጣና ማር ተሳስቶብኛል፤ ሁለተኛ አልሳሳትም። መስተንግዶው እጅግ ጥሩ ነው። ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ዳይፐሩን ይዛችሁ ለመመለስ ተዘጋጁ፤ ቀልድ አይደለም።

የምንሄድ ዕለት ሒሳብ ከፍለን መኪና ስንገባ ልጁ አንድ ዘንቢል ይዞ ሮጦ መጣ። ውስጡ የእህቴ ስድስት ባዶ ሃይላንድና ሁለት የብስኩት ላስቲክ። «የእናንተ ነው እትዬ፤ ዘንቢሉን ብቻ ይመልሱልኝ» አለ። እህቴ ፊቷ ተለወጠ። «ቆሻሻዬን መለሰልኝ እኮ!» አለችኝ በእንግሊዝኛ። እኔ በሳቅ ሞትኩ። በ16 ዓመት ለስንቱ እንግዳ እንዲህ ማድረግ ነበረብኝ።

ቁልቁል ስንወርድ ሁለተኛው መጠምዘዣ ላይ ልጆቹ ወጡ። «ሃይላንድ!» እህቴ መኪናውን አስቆመችና ወርዳ አንድ በአንድ አደለቻቸው። ስድስተኛውን የተቀበለው ልጅ ጠርሙሱን ገልብጦ አየው። ክዳኑ ጠፍቷል። መልሶ ሰጣት። «ይህ አይሆንም» አለና ሮጠ። ጠርሙሱ እስካሁን መኪናዬ ውስጥ፣ ከወንበር ስር አለ።